ላኮሩኛ ዋንጫ በበላበት ዓመት

«ለሕሩይ ምን የሚጻፍ ነገር አለ? አላገባ፣ አልወለደ፣ ቤት አልገዛ። አምስት መስመር ይበቃዋል።»

ይህን ያሉት የአጎቴ ልጅ ጋሼ ዓለምብርሃን ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ጋር በስልክ ያወሩ ነበር። እኔ ደግሞ ከጋራዥ የታሸገ ውሃ ተሸክሜ በኋላ በር ስገባ አላዩኝም። ወንድሜ ሕሩይ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የኤርፖርት ፓርኪንግ የሚያመላልሰውን አውቶቡስ ዳር አስይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪው ላይ ድፍት አለ። ተሳፋሪዎቹ ደክሞት ያረፈ መስሏቸው ትንሽ ጠበቁት አሉ። ቀብሩ ነገ ቅዳሜ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ የት እንደተወለደ፣ ምን እንደሠራ፣ ስንት ልጅ እንዳፈራ። አትላንታ በኖርኩበት ሃያ አራት ዓመት ብዙ ታሪክ ሲነበብ ሰምቻለሁ። የአንዳንዱ ሁለት ገጽ ይሞላና ሰው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተዛወረ ያዳምጣል። የአንዳንዱ ግን አንባቢው ድምፁን ሳያሟሽ ያልቃል። ባለፈው ዓመት የአንድ ታክሲ ነጂ ታሪክ ተነቦ ሲያበቃ ከኋላዬ የቆመች ሴት «ይኸው ነው?» ስትል ሰማኋት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ገርሟት ነው። እኔ ግን የሟቹን እናት አየኋት፤ እሷም ሰምታለች።

ውሃውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና «ጋሼ፣ የሕሩይን ታሪክ እኔ ነኝ የማመጣልዎ» አልኳቸው።

ደንገጥ ብለው ስልኩን ዘጉ። «አንቺ? ዘሪቱ፣ ጽሑፉ እኮ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለሕትመት መድረስ አለበት።»

«ይደርሳል።»

«በዓመተ ምሕረት ነው የሚጻፈው። እንዲያው ድሮ፣ ያኔ፣ ምናምን አይባልም።»

«በዓመተ ምሕረት አመጣለሁ» አልኩ። ያለው አፌ ብቻ ነው።

ሕሩይ በዓመተ ምሕረት ሲናገር ሰምቼው አላውቅምና። እሱ የሚቆጥረው በስፔን ዋንጫ ነው። ሱዳን መቼ ገባህ ሲባል «ዛራጎዛ አርሰናልን አሸንፎ ዋንጫ የበላ ጊዜ» ይላል። አሜሪካስ? «ባርሳ ስድስተኛውን ዋንጫ በበላ ሳምንት።» ሰው ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል፣ ጥያቄው እዚያው ይቀራል። እኔ አልስቅም ነበር። ኳስ ወንድሜን የወሰደብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። የዚያን ቀን ግን ሌላ መቁጠሪያ አልነበረኝም። ልጄ ማሂ ሚድታውን ካለው ሥራዋ ኦፍ ወስዳ ስለነበር «ተነሽ፣ ኢስት ፖይንት ሕሩይ ቤት እንሂድ፤ የሚቀበርበትን ልብስና ወረቀቱን እናምጣ» አልኳት። ቁርስ በልተሽ ነው ወይ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። አልበላችም። ለቀስተኛ ካመጣው ዳቦ በናፕኪን ጠቅልዬ መኪና ውስጥ ሰጠኋት፤ እየነዳች አትብይ ብዬ መልሼ ተቀበልኳት።

ሕሩይ የአንድ ሽማግሌ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል በወር በስድስት መቶ ሃምሳ ዶላር ተከራይቶ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። እኔ እዚያ የገባሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱ ነው ወደ እኔ የሚመጣው። መስኮቷ ከሣሩ ጋር እኩል ናት፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል። አልጋው ተነጥፏል። አንድ ወንበር፣ አንድ ድስት፣ ሁለት ብርጭቆ። የሥራ ሸሚዞቹ አምስት ናቸው፤ ሁሉም ተተኩሰው በአንድ አቅጣጫ ተሰቅለዋል። ኳስ ወዳድ ሰው ስለሆነ ማልያ ወይም ሥዕል አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ ግድግዳው ባዶ ነው። ማሂ ጥቁር ሱፉን ስታወርድ ወረቀቶቹን ከውስጥ ኪሱ አገኘቻቸው። የልደት ቀን፣ ጃንዋሪ አንድ። ስደተኛ በሚበዛባት በክላርክስተን ከካምፕ የመጣው ሰው ግማሹ ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለደው፤ ቀኑን የማያውቅ ሁሉ እሱ ነው የሚሞላለት። ሱዳን የገባበት ደግሞ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰማኒያ ሰባት ይላል።

«እሺ፣ ናይንቲን ኤይቲ ሰቨን» አለች ማሂ፤ ስልኳ ላይ ልትጽፍ።

«አይሆንም። በፈረንጅ ሰማኒያ ሰባት ሕሩይና እኔ አንድ ቤት ነበርን። እሱ ተማሪ ነበር፤ ሸሚዙን የማጥበው እኔ ነበርኩ።»

«ማሚ፣ ወረቀቱ ግን ላይክ፣ ኦፊሻል ነው።»

«ዛራጎዛ የሚባል የስፔን ቡድን አርሰናልን ያሸነፈው መቼ እንደሆነ እይልኝ።»

አየችው። በፈረንጅ ዘጠና አምስት፣ ግንቦት። በእኛ ሰማኒያ ሰባት ማለት ነው። ያኔ ካምፕ ውስጥ ያስመዘገበው ሰው የእኛን ዓመት እንዳለ ተናግሯል፤ ጸሐፊው ደግሞ የፈረንጅ አድርጎ ጽፎታል። ወንድሜ በወረቀት ስምንት ዓመት ቀድሞ ተሰደደ። ጋሼ ዓለምብርሃንም ያንኑ ሊያስነብቡ ነበር። ማሂ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «አንክል ሕሩይ ኮምፒውተር ነበር እንዴ!» አለች። ከዚያ አልቆመችም። መኪና ውስጥ ቀይ መብራት ላይ በደረስን ቁጥር ከስልኳ ታነብልኛለች፤ የስፔን ሊግ ከተጀመረበት ጀምሮ በየዓመቱ ማን እንደበላ፣ በጦርነታቸው ጊዜ ሦስት ዓመት ውድድር እንዳልነበረ ሁሉ ተጽፏል። ባርሳ ስድስት ዋንጫ የሰበሰበበት ሁለት ሺህ ዘጠኝ ሆነ፤ ስድስተኛው በዲሴምበር ነው። የአሜሪካው ተገኘ። በሱዳኑና በአሜሪካው መካከል ግን አሥራ አራት ዓመት ባዶ ቀረ። አሥራ አራት ዓመት ካርቱም ውስጥ ምን ሲሠራ እንደነበር አላውቅም። እህቱ ነኝ፤ አላውቅም።

«ስወለድ ያልደወለው እሱ ነው አይደል?» አለች ማሂ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ማሂ ስትወለድ አትላንታ ውስጥ ከባለቤቴ በቀር ሰው አልነበረኝም፤ እሱም በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባ። እኔ በአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ካርቱም ደወልኩ። ሕሩይ ስልክ ስላልነበረው የሚቀበልለት አጠገቡ ያለ ባለሱቅ ነበር። «ዛሬ የለም» አለኝ። ሴት ልጅ መውለዴን ንገረው ብዬ ዘጋሁ። ሕሩይ አልደወለም። ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ስትነሳም አልደወለም። የደወለው ማሂ መቀመጥ ከጀመረች በኋላ ነው። ምን ሆነህ ነው ስለው «የቫሌንሲያ የዋንጫ ፍጻሜ ነበረ እኮ፤ በዚያው ረሳሁት፤ ይቅር በይኝ» አለኝ። አልማርኩትም። እዚህ ከመጣም በኋላ በየዓመት በዓሉ፣ እንግዳ ባለበት፣ «ወንድሜ ከእኔ ልጅ ቫሌንሲያ የበለጠበት ሰው ነው» እላለሁ። ቀልድ አስመስዬ ነው የምለው። እሱ ሳህኑን እያየ «ልክ ናት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል። ማሂን ደግሞ ልደቷን አንድም ዓመት ስቶ አያውቅም። ስጦታውን በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ኬኩ ላይ ቆይቶ አያውቅም። ይህንንም በኳስ አሳብቤ ነበር።

ክላርክስተን ስንደርስ ዑመር ከጁምዓ ገና መግባቱ ነበር። ዑመር የወሎ ሰው ነው፤ ፀጉር ቤት አለው፤ ቴሌቪዥኑ ኳስ እንጂ ሌላ አያሳይም። ሕሩይ ዕረፍት ባለው ቀን ሁሉ ከኢስት ፖይንት ሁለት አውቶቡስና ባቡር ቀያይሮ እዚያ ነበር የሚውለው። ባየኝ ጊዜ ማበጠሪያውን ጥሎ ወጣ።

«እቴ፣ አላህ ያጽናሽ። ነገ ሱቁን ዘግቼ ነው የምመጣው።»

ወንበሩ ላይ የባርሳ ማልያ የለበሰ ጎረምሳ ነበር። «ቆይ፣ ያ የላኮሩኛ ደጋፊው ሰውዬ ነው የሞተው? ኖ! ባለፈው እኮ የባርሳን ዋንጫ ስቆጥርለት 'ብዙ ዋንጫ ያለው ሰው አቧራ ሲጠርግ ይውላል፤ እኔ ያለችኝ ሊግ አንዲት ናት፣ ቁጭ ብዬ አስባታለሁ' አለኝ።»

«አንተ ዝም በል፣ ጆሮህን እንዳልቆርጠው» አለው ዑመር። ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ፀጉሩን ጨርሶ ሃያ ዶላሩን ሳይቀበል አሰናበተው።

ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የመጣሁበትን ነገርኩት። ፊደል የቆጠርኩት በትልቅነቴ ስለሆነ ቀስ ብሎ ተናገረልኝ። ሕሩይ ላኮሩኛን መደገፍ የጀመረው ሱዳን በገባ በወሩ ነው አለ። የንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ በዝናብ ተቋርጦ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የቀረችውን ጥቂት ደቂቃ ተመልሰው ተጫውተው ላኮሩኛ በላ። «የተቋረጠ ነገር ተመልሶ ሲጀመር አይቼ አላውቅም ነበር ይለኝ ነበር» አለ ዑመር። ማድሪድ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠብቆ ሰባተኛውን የአውሮፓ ዋንጫ የበላ ጊዜ ዳቦ ቤት ተቀጠረ። ማሂ ከስልኳ «ናይንቲ ኤይት» አለች፤ ዘጠና ብዬ ጻፍኩ። ማድሪድ መቶኛ ልደቱን በገዛ ሜዳው ሊያከብር ሲል ላኮሩኛ ያዋረደው ጊዜ የራሱን ሻይ ቤት ከፈተ። ዘጠና አራት ብዬ ጻፍኩ። ደስ አለኝ፤ ገጹ እየሞላ ነው። ቆየት ብሎ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ዑመር፣ የላኮሩኛን ሊግ ዘለልከው። አንዲት ናት እያለ የሚያወራው እሷን አይደል?»

ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። እኔ እዚያ ቤት ቴሌቪዥን ሲጠፋ አይቼ አላውቅም።

«አላወቅሽም ማለት ነው» አለ። «እኔ ከሞተ በኋላ የነገረሽ መስሎኝ... ምን እያልኩ ነው፤ አስታግፊሩላህ። እቴ፣ ላኮሩኛ ሊጉን የበላ ቀን ልጁ ተወለደች። ዶናቶ በሦስተኛው ደቂቃ፣ ማካይ በሠላሳ አራተኛው፤ ሁለት ለዜሮ። እሱ ሆስፒታል በር ላይ ሆኖ በሰው ሬዲዮ ነው የሰማው።»

«የማን ልጅ?»

«የሱ ናታ። ሳይጋባ ነው የወለደ፤ ልጅቷ ስታድግ ለእህቴ ፎቶዋን ልኬ እነግራታለሁ ብሎ አፍሮ ተወ። አራት ዓመት አሳደጋት። ሻይ ቤቱ ውስጥ ስኳር ታድል ነበር ይላል፤ ለወደደችው ሦስት ማንኪያ። ከዚያ ወባ ገደላት።» አፉን በመዳፉ ጠረገ። «ቫሌንሲያ ሊጉንም የአውሮፓውንም የበላ ጊዜ። ከስፔን ፍጻሜ ሁሉ ያላየሁት የዚያን ቀኑን ብቻ ነው ይለኛል። ስንት ለስንት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም አለኝ።»

ማሂ ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። «ሜይ ናይንቲን። ቱ ታውዘንድ ፎር» አለች፤ ድምፅዋ እየወረደ። ከዚያ ስልኩን ደፍታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። እሷ የተወለደችው ሜይ አሥራ ሰባት ነው።

«ረቡዕ ቀበሯት» አለ ዑመር። «ከቀብር ሲመለስ የልጅቷን ሞት ያልሰማው ባለሱቅ ጠራውና 'እንኳን ደስ ያለህ፣ እህትህ ከአሜሪካ ደውላ ነበር፤ ሴት ወልዳለች' አለው። ሊደውልልሽ ነበር እኮ። ግን 'እህቴ አራስ ናት፤ ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ድምፄን ከሰማች ደግሞ ታውቅብኛለች' ብሎ ዝም አለ። ክርስትናው ይለፍ አለ። ክርስትናው አለፈ። ቀኑ ያለፈ መርዶ እንዴት ተብሎ ይጀመራል? በዚያው ቀረ።»

ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። ዑመር እስከ መኪናው ሸኝቶን የማሂን በር ራሱ ዘጋላት። ማሂ ሞተሩን አላስነሳችም። ፊት ለፊታችን የአፓርትመንቱ ሰዎች የገበያ ከረጢት ይዘው ከአውቶቡስ ይወርዱ ነበር፤ አንዷ እናት ልጇን በጆሮዋ ይዛ ከመንገዱ ጠርዝ መለሰቻት። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ በስንት ገበታ ላይ፣ በስንት ሰው ፊት «ከእኔ ልጅ ቫሌንሲያ የበለጠበት» እንዳልኩት። እሱ ሳህኑን ሲያይ ማንን ያይ ነበር? ኬኩ ላይ የማይቆየው ሻማው ስንት እንደሆነ ላለመቁጠር ነው። እኔ ስጦታውን በር ላይ ትቶ መሄዱን እንደ ንቀት ቆጠርኩት። አንድ ጊዜ እንኳ፣ ስንቀመጥ ለብቻችን፣ «ሕሩይ፣ ያኔ ምን ሆነህ ነበር?» ብዬ በደህና ቃል አልጠየቅሁትም።

«ልትጽፊው ነው?» አለችኝ ማሂ።

«አላውቅም።»

«ሲክሬት አድርጎታል እኮ፣ ማሚ።»

እውነቷን ነው። ሰው የደበቀውን በሞተ ማግስት ማውጣት ተገቢ ነው ወይ? ያቺን ልጅ ያለ ጋብቻ ወለደ ብሎ የሚያማው አይጠፋም፤ ነገ መቃብሩ ዳር ሆነው ነው የሚያሙት። ግን ደግሞ «አልወለደ» ብለው ሊቀብሩት ነው። እሱ ዝም ያለው ለእኔ ሲል ነው፤ አራስ ነበርኩ። አሁን አራስ አይደለሁም። እርሳሴን አውጥቼ መኪናው እንደቆመ ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ ላጲስ አድርጌ፣ ሦስተኛውን ተውኩት።

ቤት ስንደርስ ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ተጣጣፊ ወንበር እስከ ደረጃው ደርሷል፤ ፎይል የለበሰው ትሪ ጠረጴዛው ላይ ተደራርቧል። ጋሼ ዓለምብርሃንን ወደ መኝታ ቤቴ ጠርቼ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አልጋው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይኼ ዛራጎዛ፣ ማድሪድ የሚለው ምንድን ነው? የኳስ ዋንጫ በፍትሐት ላይ ይነበባል እንዴ?»

«ዓመተ ምሕረቱን ጎኑ ጽፌዋለሁ። ዋንጫውን ያውጡት ጋሼ።»

«ሱዳን የገባበት ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም።»

«ወረቀቱ ነው የተሳሳተው።»

እየሰረዙ ወረዱ። ዳቦ ቤቱን አለፉ። ከዚያ እስክሪብቷቸው ቆመ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ «የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበር» የሚለውን ለራሳቸው ያነቡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ዑመር የነገረኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ባለሱቁን፣ አራስ መሆኔን፣ ቀብሩን። ጋሼ ዓለምብርሃን መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የተናገሩትን ሰምቼ እንደሆነ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።

«ከሆነስ በደንብ ነው የሚጻፈው» አሉ። «አንዲት ሴት ልጅ ብቻ አይባልም። ስሟ ይጠራል። ማን ትባላለች?»

ወደ ጓዳ ሄጄ ዑመር ጋ ደወልኩ። ከኋላው የፀጉር ማሽን ድምፅ ይሰማል፤ ማሽኑን አጠፋው። «ስሟን ንገረኝ» አልኩት። ጠብቄ «ዑመር?» አልኩ።

«ወላሂ እቴ፣ 'ልጄ' ነው የሚላት። እኔም ልቡ እንዳይነካ ብዬ...» ትንፋሹን ሳበ። «አሥራ አምስት ዓመት ጎኑ ተቀምጬ ኳስ አየሁ። የዚያን ቀን ጎል ማን እንዳገባ በደቂቃው አውቃለሁ። ስሟን አልጠየቅሁትም።»

ካርቱም ሰው አለ ወይ አልኩት። የሚያውቃት ሰው፣ ባለሱቁ፣ እናቷ። እናቷ ልጅቷ ከሞተች በኋላ ወደ ዘመዶቿ ሄዳ ወሬዋ እንደጠፋ፣ ያ ሰፈር ደግሞ በአሁኑ የሱዳን ጦርነት ሰው እንደሌለበት ነገረኝ። ማሂ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ስልኳን ይዛለች፤ ምን ብላ እንደምትፈልግ ጨንቋት ጣቷ መስተዋቱ ላይ ቆሟል።

በተከፈተው በር ጋሼ ዓለምብርሃን ይታዩኛል። መነጽራቸውን መልሰው አድርገዋል፤ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው፣ ለስሙ የሚበቃ ቦታ ትተው፣ እስክሪብቷቸውን ይዘው ይጠብቁኛል።